የሳሕን ማጠቢያ መኪናችን ጉዳይ

በዚህ መጽሔት ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ዓባይ ግድብ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ብዕራቸውን ያለምልመው። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት የተበላሸች የሳሕን ማጠቢያ መኪና ነው። ይህንኑ ለአዘጋጁ ስንነግረው ፊቱን አጨማደደና «ወረቀት ከተረፈ» አለን። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምታነበው ወረቀት ስለ ተረፈ መሆኑን ዕወቅልን።

አምስት ነን፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። የምንኖረው ከዋሽንግተን ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ስፍራ ነው። ላላያት ሰው ያህል፣ ሽሮና በርበሬ እንደ ልብ የሚገኝባት፣ እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ በነዳጅ ማደያ ሳይቀር የሚሸጥባት ቦታ ናት። ሁላችንም በዲቪ ወይም በዘመድ የመጣን፣ ቀን ተማሪ ማታ ሠራተኛ የሆንን ሰዎች ነን። ስም አንጠራም፤ እራት የሚከለክለን አይጠፋምና። አንዱን ኢንጂነሩ፣ አንዱን ታሪከኛው፣ አንዷን ነርሷ፣ አንዷን ሒሳብ ያዢዋ እንላቸዋለን፤ ሁሉም እንደሚማሩት ትምህርት ነው። አምስተኛው የሚማረው ባዮሎጂ ቢሆንም፣ ሌሊት ሌሊት በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ዕቃ ስለሚያጥብ ሌሊተኛው ይባላል።

ቤቱ የአንድ አገራችን ሰው ነው። ጋሼ ኪራዩን 2,400 ዶላር አድርገውልናል፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 480 ይደርሳል። ለዚህ ሰፈር ይህ ምጽዋት እንጂ ኪራይ አይባልም። ምጽዋቱ ግን ውል አለው፤ ይኸውም ጣሪያውና ማሞቂያው የጋሼ፣ ሌላ የሚሰበረው ሁሉ የእኛ መሆኑ ነው። ስንፈርም እንደ ቀልድ ነበር የፈረምነው። ቤት ውስጥ ምን የሚሰበር ነገር አለ?

መኪናዋ የተበላሸችው ባለፈው መስከረም፣ ከደመራ ማግስት ነው። እንግዶች ነበሩን፤ ዶሮ ነበር፤ ሳሕኑ እንደ ቁልል ተራራ ሆኖ ነበር። ሞልተን፣ ሳሙናዋን ሰጥተን፣ በሯን ዘግተን ተኛን። ጠዋት ስንከፍታት ከሥሯ ቀይ ወጥ የመሰለ ውሃ ቋጥራ አገኘናት። ቁልፏን ብንጫናት እንደ ንብ ታጉረመርማለች፤ ውሃውን ግን አትለቅም።

ኢንጂነሩ ወዲያው ሦስት አሳብ ሰጠ፤ ሦስቱም ተሳሳቱ። ሌሊተኛው ግን ከሥራ መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተንበርክኮ፣ ከመኪናዋ ወለል ላይ ያለውን ማጣሪያ በእጁ አዙሮ አወጣው። ከዚያ ውስጥ የወጣውን ብንዘረዝር አንባቢ ምግቡን ይጠላል፤ ቢሆንም አብጦ እንደ ስፖንጅ የሆነ እንጀራ፣ የሎሚ ፍሬ፣ የስንጥር እንጨትና የብርሌ ስባሪ ነበረበት። ስባሪው አልፎ ውሃ ወደሚገፋው ፓምፕ ገብቶ ክንፉን ሰብሮታል። እዚህ ላይ ለሌሎች ቤቶች የሚጠቅም አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ለዚህች መኪና የሚሠራው የዛሬ ሳሙና ኢንዛይም አለበት፤ የሽሮውን ስታርችና ፕሮቲን የሚበላው እርሱ ነው። ስለዚህ ሳሕኑን አስቀድሞ ማጠብ አያስፈልግም። ነገር ግን ቁራሽና አጥንት መራገፍ አለበት፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ወጥቶ መታጠብ አለበት። ይህን ከአምስታችን የሚያውቅ ሌሊተኛው ብቻ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ጠይቀነው አናውቅም።

ፓምፑን በ43 ዶላር አስመጥተን ኢንጂነሩ ገጠመው። መኪናዋም ሠራች፤ እኛም እልል አልን። በዐሥራ አራተኛው ቀን ግን መብራቷ ጠፋ፣ ድምፅዋም ጠፋ፣ ነገሯ ሁሉ ጠፋ። ባለሙያ ጠራን። ባለሙያው መጥቶ ለማየት ብቻ 90 ዶላር ተቀበለና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዋ መቃጠሉን ነገረን። ሰሌዳው 190፣ እጁ 140፣ በድምሩ 330 ዶላር። መኪናዋ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዐሥር ዓመት ካገለገለች ዕድሜዋን ጠግባለች ማለት ነው አለንና፣ «እኔ ብሆን ቀብሬ አዲስ እገዛለሁ» ብሎ ሄደ። ደግ ሰው ነበር፤ ሊሸውደን ይችል ነበርና። ቢሆንም እነሆ ፓምፑና ባለሙያው 133 ዶላር በልተው መኪናዋ እንደ ሞተች ናት።

ወደ ጋሼ ደወልን። ውሉን ባይጠቅሱት ደስ ይለን ነበር፤ አልጠቀሱትም። ያሉን ይህን ነው፤ «ልጆቼ፣ እኔ እዚህ አገር ስገባ ዕቃ ማጠቢያዋ መኪና እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት በአንድ ሆቴል ምድር ቤት።» ምን ይመለስላቸዋል? «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» ብለን ስልኩን ዘጋን።

በነገራችን ላይ ታሪከኛው ሲያነብ አገኘሁ ብሎ እንደ ነገረን፣ የዚህች መኪና ነገር የተጀመረው በአንዲት ባልቴት ነው። ጆሴፊን ኮክራን የምትባለው የኢሊኖይ ሴት በ1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች። ባልዋ ሞቶ ዕዳ ጥሎባት ስለነበር አሳቧን ወደ ንግድ አዞረችው። በ1893 በተደረገው የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን መኪናዎቿ ለሕዝብ ታዩ። መጀመሪያ የገዟት ግን የቤት እመቤቶች ሳይሆኑ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው፤ በተራ ሰው ወጥ ቤት እስክትገባ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጀባት። ታሪከኛው ይህን ሲተርክልን ገንዳው በሳሕን ሞልቶ ነበር፤ ተራውም የእርሱ ነበር።

አዎን፤ ተራ አውጥተን ነበር። አምስት ሰው፣ አምስት ቀን፤ ከዚህ የቀለለ ሕግ በዓለም የለም። ሌሊተኛው ብቻ ይቅርታ ጠየቀ። «ቀን እማራለሁ፤ ሌሊት የሺህ ሰው ሳሕን አጥባለሁ፤ ቤት ገብቼ ደግሞ የእናንተን?» አለ። የሚሠራበትን መኪና አይተናታል፤ ሳሕን የተደረደረበትን ቅርጫት በአንድ በኩል ገፍተው በሌላ በኩል ያወጡታል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ወደ 82 ዲግሪ የሞቀ ነው። የጣቶቹን ጫፍ ያየ ሰው አይከራከረውም። እኛም አልተከራከርንም።

የቀረነው አራት ነን። ከዚህ በታች «እኛ» ስንል ሦስቱን ወንዶች ማለታችን ነው፤ ሴቶቹ የራሳቸውን ይጻፉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደኅና ሄደ። በሁለተኛው ፈተና መጣ፤ ከፈተና በኋላ ኳስ መጣ፤ ከኳስ በኋላ ደግሞ ብርድ ይዞን ነበር። ሳሕኑ ግን አንድም ቀን ታጥቦ ሳናገኘው አልቀረንም። ጠዋት ስንነሣ ገንዳው ንጹሕ ነው፤ ብርጭቆው ተገልብጧል። ማን አጠበው ብለን ጠየቅን ይሆን? አልጠየቅንም። አባቶቻችን ቤት ሳለን ሳሕን ማን እንደሚያጥብ ጠይቀን እንደማናውቅ ሁሉ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ከመካከላችን ሁለቱ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ተናግረን ተጨብጭቦልናል፤ አንባቢም ከጭብጨባው ውስጥ ነበርክ ይሆናል።

ሕዳር መባቻ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት በሞተችው መኪና በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የሒሳብ ያዢዋ እጅ ጽሑፍ ነው፤ በማስመሪያ የተሠመረ፣ በሁለት ዓምድ የተከፈለ። ርእሱ «የ21 ቀን ሒሳብ» ይላል። ከሥሩ፤ ሒሳብ ያዢ 8፤ ነርስ 7፤ ታሪክ 2፤ ምህንድስና 1፤ ባዮሎጂ 0፤ ሳይታጠብ ያደረ 3። ድምር 21። ሌላ አንድም ቃል የለበትም። ስድብ ቢጽፉብን መልስ እናገኝ ነበር።

መልስ አልጠፋንም ማለት አይደለም። ኢንጂነሩ «የእኔ አንድ የዶሮ ድስት ስለነበረበት እንደ ሦስት ይቆጠርልኝ» ብሎ ተከራከረ። ታሪከኛው ተራ የማስያዙ ዘዴ ራሱ ስሕተት እንደ ነበረ አስረዳ። ነርሷ እየሰማች ቡናዋን ጠጣችና «እኔ በሆስፒታል የሰው ሽንት እደፋለሁ፤ ደክሞኝ ስገባ ግን ሳሕን ቁጭ ብሎ ሲያየኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተን እንዴት ይወስዳችኋል? እሱን ብቻ ንገሩኝ» አለችን። እስከ ዛሬ አልነገርናትም።

በዚያ እሑድ ስብሰባ ተቀመጥን። አጀንዳው አንድ ነበር፤ መኪና እንግዛ ወይስ አንግዛ? አዲስ ርካሿ 450 ዶላር ናት፤ ማምጫው፣ መግጠሚያውና አሮጌዋን መውሰጃው ተደምሮ ወደ 600 ይደርሳል። ያን ያህል ገንዘብ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የመርዶ ሣጥን ነው።

የመርዶ ሣጥን የምንለው በየወሩ እያንዳንዳችን 25 ዶላር የምናስገባበት የጋራ ሒሳብ ነው። በአምስት ወር 625 ዶላር ሆኗል። ከአገር ቤት ክፉ ወሬ የመጣበት ሰው ለትኬት በየሰው ቤት እንዳይዞር ያቋቋምነው ነው። ለአዲስ አበባ የደርሶ መልስ ትኬት ከዚህ ገንዘብ እጥፍ ቢጠይቅም (ኢንጂነሩ «ይህ አትላንቲክ መካከል ድረስ ያደርሳል» ይላል)፣ ከባዶ ይሻላል ብለን ነው። ሣጥኑ እንዲነካ አሳብ ያቀረበው ከእኛ አንዱ ነው። «ተበድረን እንመልሰዋለን፤ ገንዘቡ እንደሆነ ተኝቷል» አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ ዓይናችን ሁሉ ወደ ሌሊተኛው ሄደ። አባቱ ደብረ ማርቆስ በኵላሊት በሽታ ከተኙ ሁለት ወራቸው ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አሳቡን ያቀረበውም ያውቃል።

ሌሊተኛው ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን እያየ ቆየና «ውሰዱት። እኔ አጥቤ ባላግዛችሁ ይሻል ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ መጻፍ አንችልም። ያቋረጠችው ሒሳብ ያዢዋ ናት። «ሣጥኑ አይነካም። አንተም ይቅርታ አትጠይቅ፤ ዜሮህን የጻፍኩት ለሒሳቡ እንጂ ለአንተ አይደለም» አለችው። ቀጥላም ወደ ሁለታችን ዘወር ብላ «ሦስት ወር እጄን ታጥቤ ብበላ መኪና የሚገዛ ገንዘብ አገኛለሁ፤ እናንተስ ምን ትተዋላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

ሥራው ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ ለእናቶቻችን ደወልን፤ አንዷ እናት ነገሩን ሰምታ ከጨረሰች በኋላ «ሁለት ሳፋ የላችሁም?» አለች። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። ኢንጂነሩ ሊለካ ተነሣ። የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ 8 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ ውሃውን ከፍቶ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ የሚያጥብ ሰው (ከእኛ አንዱ ነው) ወደ 100 ሊትር የሚጠጋ ሙቅ ውሃ ያፈሳል። የአገሩ ሕግ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንዲት መደበኛ መኪና በአንድ እጥበት የፈቀደላት ቢበዛ 5 ጋሎን፣ ማለት 19 ሊትር ነው። የእናታችን ሁለት ሳፋ ሲለካ ደግሞ 20 ሊትር ሆነ። እናታችንና የአሜሪካ መንግሥት በአንድ ሊትር ብቻ ነው የተለያዩት።

ስለዚህ ሳፋ ገዛን፤ ሁለቱን በ9 ዶላር። ሌላም ነገር አደረግን፤ እራት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ትሪ እንዲሆን ተስማማን። ይህ ከብልሃት የመጣ አልነበረም፤ ሳሕን ለመቀነስ ነው። ዐሥራ አምስት ሳሕን የምናወጣው አንዱ በአሥራ ሁለት፣ አንዱ በሁለት፣ አንዱ በአራት ሰዓት እየገባ ለብቻው ስለሚበላ ነበር። ትሪው አንድ ሲሆን አጣቢውም አንድ ትሪ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሌሊተኛው እንኳ ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ይደርስ ጀመር፤ ሲጎርስም ስለ አባቱ ይነግረን ጀመር። ለካ ከሁለት ወር በላይ በአንድ ጣሪያ ስንኖር ሰውየው መምህር እንደ ነበሩ እንኳ አናውቅም ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ መኪናው ለምን አስፈለጋችሁ?» ሊል ይችላል። ታሪከኛውም ይህንኑ አለ፤ ሁለት ሳፋና አንድ ትሪ ከኤሌክትሪክ እንደሚበልጡ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ነርሷ ሳታቋርጠው ሰምታ «ሳፋው ጥሩ ነው። ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት አንተ ታጥብበታለህ» አለችው። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። እኛም እውነቱን ብንናገር፣ የሳፋ ፍቅራችን የጠነከረው ሳፋው በሰው እጅ ሳለ ነበር።

መኪናዋ የተገኘችው በታኅሣሥ ነው። የተጫረና የተጨረመተ ዕቃ የሚሸጥ አንድ መደብር አለ፤ እዚያ አንዲት ጎኗ ገባ ያለ አዲስ መኪና በ280 ዶላር ቆማ አየናት። ገዢዎች ጎኗን እያዩ ያልፏታል። ሌሊተኛው ግን በሯን ከፍቶ፣ ቅርጫቷን ስቦ፣ ውሃ የሚረጨውን ክንፏን በጣቱ አሽከርክሮ አየና «ጎኗ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጣብቆ ማን ያየዋል?» አለ። ስፋቷ የሁሉም መደበኛ መኪና ስፋት ነው፤ 61 ሳንቲ ሜትር። ከጎማ ቱቦው፣ ከነሐሱ ክርንና ከነጩ የቧንቧ ጥቅልል ጋር 314 ዶላር ሆነ፤ ለአምስት ሲካፈል 62 ዶላር ከ80 ሳንቲም። ሒሳብ ያዢዋ ሁለት ቅዳሜ ሹሩባ ሠርታ አገኘችው፤ ነርሷ አንድ ትርፍ ተረኛነት ገባች፤ ታሪከኛው ቡናውን ቤት ይጠጣ ጀመር (ለእርሱ ይህ መሥዋዕትነት ነው)፤ ኢንጂነሩ መጽሐፉን መግዛት ትቶ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሰ። ሌሊተኛው ደግሞ ከአራት ሰዓት በላይ ትርፍ ሳሕን አጥቦ የሳሕን ማጠቢያ ድርሻውን ከፈለ።

ከመግዛታችን በፊት ወደ ጋሼ ደግመን ደውለን፣ «ጋሼ፣ ስንወጣ መኪናዋ የእኛ ናት» ብለን ነበር። «ውሰዷት ልጆቼ፤ ከፈለጋችሁ ቧንቧውንም ውሰዱት» አሉን። ተሸክመናት ወዴት እንደምንሄድ ግን እግዜር ይወቅ።

የገጠምናት ማታ ነው። ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጠፋን፤ ከገንዳው ሥር የውሃውን መዝጊያ ዘጋን፤ አሮጌዋን ጎትተን አወጣናት። ከሥሯ ሁለት ሹካ፣ አንድ ሲኒና ጠፋ ተብሎ አንድ ሰሞን የተጣላንበት ቢላ ተገኘ። አሮጌዋን በር ላይ አቆምናት፤ ጎህ ሳይቀድ ብረት ለቃሚ ጭኗት ሄዷል። ኢንጂነሩ ክርኑን ሲያጠብቅ ውሃ አንጠባጠበ፤ ፈትቶ ጥቅልሉን ጨምሮ ደግሞ አጠበቀ፤ ደግሞ አንጠባጠበ። በሦስተኛው ነርሷ «እስቲ ቀስ በል፤ ስታጠብቀው ነው የሚያፈሰው» አለችው። ቀስ አለ፤ ቆመ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ቁልፏን ተጫንናት። አምስታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ውሃ ስትስብ፣ ዝም ስትል፣ ስትረጭ ሰማን። ትሪው አልገባላትም፤ ዙሪያው ይበልጣታል። ጀበናውንም አልሰጠናትም፤ ሸክላ ሳሙና ይጠጣል። ሲኒዎቹ ግን ከቅርጫቱ ሽቦ መካከል እየሾለኩ ተገልብጠው ቆሻሻ ውሃ ይዘው ወጡ፤ ለእነርሱ ገና መላ አላገኘንም።

የሌሊተኛው አባት እስከ ዛሬ ደኅና ናቸው፤ የመርዶ ሣጥኑ 875 ዶላር ደርሷል።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ሊያራግፍ የተነሣ ሰው አልነበረም። ንጹሑ ሳሕን በውስጧ አደረ፤ ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ ተከመረ፤ እያንዳንዱም አንድ አንድ ሳሕን ከውስጧ እየመዘዘ ይበላ ጀመር። በሦስተኛው ቀን በአዲሷ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ በማስመሪያ የተሠመረ፣ በሁለት ዓምድ የተከፈለ። የመጀመሪያው ዓምድ «የሞላ» ይላል፤ ሁለተኛው «ያራገፈ»። በሁለተኛው ዓምድ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ የእኛ ሁለት ምልክት አለበት።